ሃያ አራት ስንት ነው?

ሃያ አራት ብዙ ነው ወይስ ትንሽ?

አክስቴ ዴቃ ትንሿን የደም ስኳር መለኪያ ዓይኔ ሥር አስጠግታ ጠየቀችኝ። መስታወቷ ላይ 24 ይላል። ከዴቃ ኋላ ልጇ ኢስታር ምንጣፉ ላይ በጎኗ ተኝታ፣ ጉልበቶቿን ወደ ሆዷ ሰብስባ፣ ሩቅ ሮጣ እንደመጣች ሰው በረጅሙ ትተነፍሳለች። ሩጫ ቀርቶ፣ ከጠዋት ጀምሮ ከምንጣፉ የተነሳችው ለማስመለስ ብቻ ነው።

«ቅድም ሃያ ሁለት ነበረች» አለች ዴቃ። «ሐላዋ ስሰጣት ሃያ አራት ገባች። ከፍ እያለች ነው፤ አልሐምዱሊላህ። አይደል ሂንዳ?»

«ምናልባት» አልኩ።

«አንቺ ደግሞ! ማሌዢያ ድረስ ሄደሽ ይዘሽ የመጣሽው ‹ምናልባት›ን ብቻ ነው?»

ቀልዷን ነበር። መለኪያውን ግን ከዓይኔ ሥር አላነሳችውም።

በሶማልኛ የአባት እህት ኤዶ ትባላለች፤ እኔም ኤዶ ዴቃ እያልኩ ነው ያደግኩት። ማሌዢያ ውስጥ ካለችው ከፔናንግ የጭነት አስተዳደር ተምሬ ወደ ድሬዳዋ ከተመለስኩ ዓመት አልሞላኝም። ከጅቡቲ ወደብ ዕቃ የሚያመላልስ ድርጅት ውስጥ ተቀጥሬያለሁ። ሻንጣዬን እስካሁን ግማሹን ብቻ ነው የፈታሁት፤ ኤዶ ዴቃ ይህን ለሚያውቀኝም ለማያውቀኝም ሰው ትናገራለች። በዚያን ሰሞን ለሥራ ጅቡቲ ሰንብቼ በጠዋቱ መግባቴ ነበር። ስሄድ ኢስታር ክኒን ጀምራ ስለነበር ተሽሏት አገኛታለሁ ብዬ ነበር።

የኢስታር ነገር የጀመረው በጥማት ነው። ድሬ ላይ ጥማትን ማን ይጠረጥራል? ጎረቤታችን ዱዓሌ፣ ባጃጅ ነጂው፣ ከሰዓት በኋላ ጫቱን ይዞ ደጃፉ ላይ ሲቀመጥ የውሃ ላስቲኮች ከጎኑ ይደረድራል። ኢስታር እሱን በለጠችው።

«ናያ፣ አንቺ ልጅ፣ እኔስ ቅጠሉ ነው የሚያስጠማኝ፤ አንቺ ምን ቅመሽ ነው?» ይላት ነበር።

ቀጥሎ የትምህርት ቤት ቀሚሷ ሰፋት። ዴቃ የፈተና ጭንቀት ነው አለች። ከዚያ ሽንት ቤት መመላለስ በዛ። አንድ ክሊኒክ ታይፎይድ ነው አለ። መድኃኒቱን ጨርሳ ሲብስባት ሌላ ክሊኒክ ወሰዷት፤ እዚያ ጣቷን ወጉና ሦስት መቶ አሥራ ሁለት አገኙ። «ስኳር ነው» ተባለ። የአባቷ እናት ስኳር ስለነበረባቸው ማንም ብዙ አልገረመውም። ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን ኑርሀን የምትወስደው ዓይነት ክኒን ተሰጣትና ወደ ቤት ተሸኘች። ኑርሀን ስልሳን ያለፈች፣ ሰፊ፣ ከወንበር ስትነሳ ወንበሩ አብሯት የሚነሳ ሴት ናት። ኢስታር ገና አሥራ ሰባቷ ነው፤ የእጅ አምባሯ እስከ ክርኗ ይንሸራተት ጀምሯል። ሁለቱ እንዴት አንድ ዓይነት በሽታ ታመሙ ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

መለኪያው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዴቃ ገበያ ውስጥ ሱቅ አላት። በሐርጌሳ በኩል የሚገባ ዕቃ ትሸጣለች፦ ቴርሞስ፣ ሽቶ፣ የእጅ ባትሪ፣ የሕፃን ልብስ። አንድ ካርቶን ስትከፍት ቴርሞሶቹ መሃል የስኳር መለኪያዎች ተሰክተው አገኘች። አላዘዘቻቸውም። የአላህ ስጦታ ነው ብላ አንዱን ለልጇ አስቀረች፤ ሌሎቹ ወዲያው ተሸጡ።

የመጀመሪያው ቀን መለኪያው አሥራ ሰባት አለ።

ከሦስት መቶ አሥራ ሁለት ወደ አሥራ ሰባት! ዴቃ በባዶ እግሯ ሮጣ ኑርሀንን ጠራች። ኑርሀን ሆስፒታል የተነገራትን ጠንቅቃ ታውቃለች፤ ከሰባ በታች ከወረደ ሰው ራሱን ይስታል፤ ቶሎ ጣፋጭ ይሰጠዋል። እሷ ራሷ አንዴ ስልሳ ገብታ ወድቃለች። «ክኒኑ በዝቶባት ነው፤ አቁሚው» አለች። ክኒኑ ቆመ። ቴምር፣ የማንጎ ጭማቂ፣ ሐላዋ መጣ። የግመል ወተትም ገበያ ካሉ ነጋዴዎች ተለምኖ በላዩ ተጨመረ። አሥራ ሰባት አሥራ ዘጠኝ ሆነ፤ ከዚያ ሃያ፤ ከዚያ ሃያ ሁለት። ቁጥሩ ባደገ ቁጥር ዴቃ ልጇን ከጉድጓድ በገመድ እየሳበች መሰላት። ልጅቷ ግን ቁጥሩ ባደገ ቁጥር ትከሳለች።

እኔ የደረስኩት እንግዲህ በዚህ መሃል ነው። ዴቃ በአንድ እጇ መለኪያውን፣ በሌላው የሐላዋ ሳህን ይዛለች። ኑርሀን መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ራሷን በካርቶን ቁራጭ ታራግባለች። መብራት ጠፍቷል፤ ማራገቢያው ቆሟል። ሱቆች ለእኩለ ቀን ዕረፍት ተዘግተዋል። ከተማው በሙሉ ጥላ ውስጥ ገብቷል።

«ሌላ ጨምሪላት» አለች ኑርሀን። «ሰባ እስክትገባ ድረስ አታቁሚ።»

«ቆይ፣ ኤዶ» አልኩ።

ፔናንግ ሳለሁ አብራኝ የምትኖር ልጅ ስኳር ነበረባት። በየጠዋቱ ጣቷን ትወጋለች። «ስድስት» ካለች እያንጎራጎረች ቁርሷን ትበላለች፤ «አሥራ ሁለት» ካለች ቀኑን ሙሉ ስትነጫነጭ ትውላለች። አንድም ቀን ‹መቶ› ስትል ሰምቻት አላውቅም። በእሷ አቆጣጠር ከሄድን የኢስታር ሃያ አራት ከጣሪያ በላይ ነው። በኑርሀን አቆጣጠር ከሄድን ደግሞ ከመሬት በታች ነው። የትኛው ነው ልክ? በዚያ ሳህን ላይ ያለው ሐላዋ ወይ ያድናታል፣ ወይ ይገድላታል። ሁለቱም ሊሆን አይችልም።

መለኪያውን ተቀበልኳት። ከቁጥሩ ሥር ደቃቅ የላቲን ፊደላት አሉ።

«ይቺን አይተሻታል?»

«የቻይና ነዋ» አለች ዴቃ።

«የልኩ ስም ነው። ኪሎ ወይም ሊትር እንደማለት። ኑርሀን፣ ያንቺ መለኪያ ላይ ይኸው ነው ያለው?»

«የኔ መለኪያ ልጄ ቤት ነው ያለው። ደግሞ እኔ ቁጥሩን ነው የማየው አቦ፤ ፊደል ማን ያነባል?»

ስልኬን አወጣሁ። መብራቱ ሲጠፋ ኔትወርኩም አብሮ ጠፍቷል። ዴቃ ማንኪያውን አነሳች። ኢስታር ዓይኗን ሳትገልጥ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ኤዶ፣ አትስጫት።»

«ልጄ እጄ ላይ ትሙት ነው የምትዪኝ?»

«አንድ ነገር ብቻ መልሺልኝ። ሱቅሽ ያለውን ሚዛን ብትጠረጥሪው ምን ታደርጊያለሽ?»

«አሁን የሚዛን ወሬ ነው?»

«ንገሪኝ እንጂ።»

«ምን አደርጋለሁ፤ ኪሎውን የማውቀውን ነገር አስቀምጥበታለሁ። ከዚያ…» አቋረጠች። መለኪያውን አየች፤ ቀጥላ የኔን ጣቶች አየች። የነጋዴ ዓይኗ ተመለሰ። «አንቺ ጤነኛ ነሽ?»

«ይመስለኛል።»

«ይመስለኛል አትበዪኝ ሂንዳ! ነሽ ወይስ አይደለሽም?»

«ነኝ።»

አዲስ መርፌ ቀየረችና ሳታስጠነቅቅ ወጋችኝ። ደሙን ከመለኪያው ጫፍ በተሰካችው ስትሪፕ ላይ አስነካነው። መለኪያው ወደ ኋላ እየቆጠረ ሲሄድ ሦስታችንም ራሳችንን አቀርቅረን ጠበቅን። 5.4 አለ።

«ላ ኢላሃ ኢለላህ!» ኑርሀን ካርቶኗን ጣለች። «ይቺ በቁሟ ሞታለች!»

ከምንጣፉ በኩል የተሰነጠቀ ድምፅ መጣ። «ሆዮ… ሂንዳ ከሞተች፣ ማነው የሚያወራው?»

ኢስታር ነበረች፤ ሆዮ የምትለው እናቷን ነው። ከከንፈሯ ጥግ ፈገግታ የሚመስል ነገር አለ። ዴቃ አልሳቀችም። ሌላ መርፌ ቀይራ የራሷን ጣት ወጋች፤ ስድስት። ከዚያ ወደ ኑርሀን ዞረች። ኑርሀን እጇን ከሰፊው ሽቲ ቀሚሷ ሥር ደበቀች፤ «ዛሬ የዋዛ ቀን አይደለም»፣ «እኔ ጠዋት በልቻለሁ» አለች፤ በመጨረሻ ጣቷን ሰጠች። አሥራ አንድ።

ሦስቱን ስትሪፖች ምንጣፉ ላይ ደረደርኳቸው።

«እኔ ጤነኛዋ አምስት» አልኩ በዝግታ። «ኑርሀን ስኳር ያለባት፣ ክኒኗን የምትወስደው፣ አሥራ አንድ።»

ዴቃ የሐላዋውን ሳህን መስኮቱ ላይ አስቀመጠች። እንዳይሰበር እንደምትጠነቀቅለት ዕቃ ቀስ አድርጋ ነው ያስቀመጠችው። «ዱዓሌን ጥሪው» አለችኝ።

ዱዓሌን በዚያ ሰዓት ከጫቱ የሚያስነሳው ነገር የለም ይባላል። «ኢስታር» እንዳልኩት ተነሳ። ልጅቷን ከምንጣፉ አንስቶ ባጃጁ ውስጥ ሲያስገባት ፊቱ ተለወጠ።

«ወላሂ፣ ቀሚስ ብቻ ነው የተሸከምኩት» አለ። ሞተሩን ሲያስነሳ ደግሞ፣ «ዘይቱን በልታለች እንዴ? አፏ የበሰለ ዘይቱን ይሸታል።»

እውነቱን ነው። እኛ ዘይቱን የምንለው ጓቫ በስሎ ሲያልፍበት የሚሸተውን፣ ያንን የሚያቅለሸልሽ ጣፋጭ ሽታ ይሸት ነበር። ከሐላዋ በቀር ግን የበላችው አልነበረም። በከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ስናልፍ ጥላው ፊቷ ላይ እየመጣ ይሄድ ነበር፤ ዴቃ የልጇን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ በሶማልኛ የሆነ ነገር ታንሾካሹክላታለች። ዱዓሌ ጥሩምባውን አንዴም አልነፋም። በዚያ ሰዓት የሚነፋበት ሰውም መንገድ ላይ አልነበረም።

ድንገተኛ ክፍል የተቀበለን ወጣት ሐኪም ገና ሳይጠይቀን ወደ አፏ ጎንበስ ብሎ አሸተተ። ደም ወሰዱ፣ ሽንት ወሰዱ፣ ግሉኮስ የሌለበት ፈሳሽ ሰቀሉላት። ዴቃ መለኪያውን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችው። ሐኪሙ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየው።

«ይሄ በሌላ ልክ ነው የሚቆጥረው» አለ። «አንዳንድ አገር በዚህ ነው የሚጠቀሙት። ወደ እኛ ለማምጣት በአሥራ ስምንት ማባዛት ነው።»

የስልኬን ሒሳብ መሥሪያ ከመክፈቴ በፊት ዴቃ «አራት መቶ ሠላሳ ሁለት» አለች። ዕድሜዋን በሙሉ ከሽልንግ ወደ ብር፣ ከፍራንክ ወደ ብር ስታባዛ የኖረች ሴት ናት። ብላ ስትጨርስ የተናገረችው ገባትና አግዳሚ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። «አሥራ ሰባት ደግሞ… ሦስት መቶ ስድስት። ያ ረቢ። የመጀመሪያው ቀንም አልወረደችም ነበር።»

«ሐላዋው ነው ያመጣባት?» ስትል ጠየቀች ቆይታ።

«አይደለም። አባብሶባታል እንጂ አላመጣውም። የበሽታው ዓይነት ሌላ ነው። ዓይነት አንድ ይባላል። ክኒን አይመልሰውም፤ ኢንሱሊን ነው የሚያስፈልጋት።»

ጥርጣሬዬን ቤት ትቼው አልመጣሁም ነበር። «ዓይነት አንድ መሆኑን በምን አወቅህ?» አልኩት። «ቀድሞም እርግጠኛ የነበሩ ሰዎች ክኒን ሰጥተዋታል።»

ይቆጣል ብዬ ነበር። አልተቆጣም። «ልጅ ናት፤ ቀጭን ናት፤ በአጭር ጊዜ ነው የከሳችው፤ ሽንቷ ውስጥ አሲድ አለ፤ የአፏ ሽታም ከእሱ ነው» አለ። «በደም የሚረጋገጥ ሌላ ምርመራ አለ፤ ናሙናው ይላካል። እሱን ቁጭ ብለን ብንጠብቅ ግን ልጅቷ አትጠብቀንም። ኢንሱሊኑን አሁን እጀምርላታለሁ። አንቺ ጥርጣሬሽን አትተዪው፤ ውጤቱ ሲመጣ አብረን እናየዋለን።»

በዚያ ከተማ ‹ምናልባት›ን ሳይስቅብኝ የሰማኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር።

ኢንሱሊኑ በጠብታ ገባ። በማግስቱ ረፋድ ላይ አተነፋፈሷ ረጋ፤ የዘይቱኑ ሽታ ጠፋ። ከሰዓት በኋላ ዓይኗን ገልጣ የጠየቀችው የመጀመሪያ ነገር «መብራት መጣ?» የሚል ነበር። ዴቃ ተነስታ ወደ ኮሪደር ወጣች፤ ስትመለስ ፊቷን ታጥባለች።

ከአልጋ ሳትወርድ ትምህርቱ ተጀመረ። የስኳር ክትትል ክፍል ነርሷ ሸፊቃ ትባላለች፤ ከኢስታር ጋር በአማርኛ፣ ከዴቃ ጋር በሶማልኛ፣ በመስኮት ከሚጠሯት ሰዎች ጋር ደግሞ በኦሮምኛ ታወራለች። ብርቱካንና ባዶ መርፌ ይዛ መጣች።

«በሆድሽ ውስጥ ቆሽት የሚባል ነገር አለ» አለቻት ለኢስታር። «ኢንሱሊን የሚያመርተው እሱ ነው። ያንቺ ማምረቱን አቁሟል።»

«ቆሽቷን ማን አሳረረው?» አለች ዴቃ።

«ማንም፤ አንቺም እሷም አላሳረራችሁትም። የገዛ ሰውነቷ ነው በስህተት የመታው። አሁን ኢንሱሊንን እንደ ቁልፍ ቁጠሪው…»

የቁልፉ ምሳሌ ለዴቃ አልገባትም። ቁልፍ ከጠፋ በር ይሰበራል፤ ምን ችግር አለው? ሸፊቃ ደገመችላት፤ አሁንም አልገባትም። ኢስታር ትራሷን ተደግፋ ቀና አለች።

«ሆዮ፣ ስሚኝ። የምበላው ነገር ወደብ የደረሰ ዕቃ ነው። ደሜ ወደቡ ነው። ኢንሱሊን ዕቃውን ከጉምሩክ የሚያስለቅቀው ትራንዚተር ነው። እሱ ካላስለቀቀው ዕቃው ወደብ ላይ ይከመራል እንጂ ከተማ አይገባም። ከተማው ይራባል፤ ወደቡ ይጨናነቃል።»

ዴቃ አሰበች። «በኮንትሮባንድ አይገባም?»

ሸፊቃ ብርቱካኗን ይዛ ሳቀች። «አይገባም፣ እናቴ። የግመል ወተትም አያስገባውም። ሞክረው ያመጧቸውን ልጆች እዚሁ ክፍል ነው የምቀበላቸው።»

«ክኒኑስ?»

«ክኒኑ የደከመ ትራንዚተርን ለማበርታት ነው፤ እንደ ጎረቤታችሁ ላለች። ኢስታር ጋ ግን ሰውየው ጭራሽ የለም። ከውጭ እናስገባዋለን፤ በመርፌ።»

የዴቃ ፊት ጠቆረ። እኛ ሰፈር መርፌ የተባለ እንደሆነ የሚጠራው የሞቱ ሰዎች ስም ነው፤ እገሌ መርፌ ጀመረ፣ እግሩ ተቆረጠ፣ ዓይኑ ጠፋ፣ ሞተ። «መርፌ መጨረሻ ነው» አለች በሹክሹክታ፤ ኢስታር እንዳትሰማ ይመስል።

«ዘግይተው ስለሚጀምሩት ነው መጨረሻ የሚመስለው» አለች ሸፊቃ። «ለእሷ መጀመሪያዋ ነው። ትማራለች፤ ትሠራለች፤ አላህ ካለ ታገባለች፤ ትወልዳለች። መርፌዋን ከዘለለች ግን የዚያን ቀን ታያላችሁ፤ የአፏ የዘይቱን ሽታ ይመለሳል።»

ብርቱካኗን ለኢስታር ሰጠቻት። ኢስታር ወጋችው፤ ውሃው ተረጨ። ቀጥላ ለዴቃ ሰጠቻት። ዴቃ ዓይኗን ጨፍና ወጋች፤ «ቢስሚላህ» ብላ ስትጀምር ኢስታር ሳቋን መያዝ አቃታት።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ብዙ ነገር ተማርን። ቆዳ እንዴት እንደሚቆነጠጥ፣ መርፌ የሚወጋበት ቦታ ለምን እንደሚቀያየር፣ ሲያማትና ባትበላ እንኳ ኢንሱሊኑ እንደማይቆም፣ ረመዳን ሲመጣ መጾም አለመጾሟን በገዛ ፈቃዷ ሳይሆን አስቀድማ ከሐኪሙ ጋር እንደምትወስን። የድሬ ሙቀት ኢንሱሊንን እንደሚያበላሽ፣ ፍሪጅ መብራት ሲጠፋ ሳጥን ብቻ እንደሆነ፤ ስለዚህ ትንሽ የሸክላ ማሰሮ በትልቅ ማሰሮ ውስጥ አድርገን መሃሉን እርጥብ አሸዋ እንድንሞላ። ኑርሀን ማሰሮዎቹን ራሷ ገዝታ አመጣች። ሐላዋውን ያዘዘችው እሷ ስለነበረች ለመግባት አፍራ በር ላይ ቆማ ነበር።

«ኑርሀን፣ ግቢ» አለቻት ሸፊቃ። «ከሰባ በታች ሲሆን ጣፋጭ ስጪ ያልኩሽ እኔው ነኝ። ደንቡ ልክ ነበር። ያልተዛመደው ልኩ ነው።»

መለኪያው አልተጣለም። ሸፊቃ በሆስፒታሉ መሣሪያ ጎን ደጋግማ ፈተነችውና ጤነኛ ነው አለች። ኢስታር ጀርባው ላይ ፕላስተር ለጥፋ በእስክሪብቶ ጻፈችበት፦ ከ4 በታች ጣፋጭ፤ ከ10 በላይ ብዙ። የተላከው የደም ምርመራም ዘግይቶ መጣ፤ ሐኪሙ እንዳለው ዓይነት አንድ ነበር። ቃሉን አክብሮ ወረቀቱን ለእኔ ነው ቀድሞ ያሳየኝ።

ወደ ቤት በተመለስን በመጀመሪያው ጁምዓ ኢስታር የጠዋት መርፌዋን ራሷ ወጋች። ማሰሮውን ስትከድን እጇ ክዳኑ ላይ ቀረ።

«ሆዮ፣ የሌሎቹስ መለኪያ?»

ዴቃ ሰምታለች። ምንጣፉን ታጥፍ ነበር፤ ማጠፏን ቀጠለች።

«ካርቶን ሙሉ ነበር ያልሽኝ። የገዙት ሰዎችም ሃያ ሲል ትንሽ ነው ብለው ያስባሉ።»

«ደውዬ ምን ልበላቸው?» አለች ዴቃ። «ልጄ ታማ ልትሞት ነበር ልበል? ነገ ገበያው በሙሉ ‹የዴቃ ልጅ መርፌ ትወጋለች› ይላል። ማን ያገባሻል?»

«የማይፈራ ያገባኛል። ወይ ደግሞ ዱዓሌ።»

«ዱዓሌን ከምታገቢ ሁለተኛ ብትታመሚ ይሻላል!»

ተሳሳቁ። ዴቃ ግን ሳቋን ሳትጨርስ የገዢዎቹ ቁጥር ያለበትን ስልኳን አነሳች። መጀመሪያ «ዕቃው ላይ ትንሽ ችግር አለ» እያለች ነበር የምትደውለው። ሦስተኛው ሰው «ምን ችግር? የኔ ደህና ይሠራል» ብሎ ሊዘጋባት ሲል ጮክ ብላ «ልጄን ሊገድልብኝ ነበር!» አለች። ከዚያ በኋላ ለሁሉም ከዚያ ነበር የምትጀምረው። አንዱ አመሰገናት፤ አንዱ ሰደባት፤ አንዷ ሴት ባሏን አሁኑኑ እወስደዋለሁ ብላ ስልኩን ሳትዘጋ ሮጠች።

ያልተገኘችው አንዲት ሴት ብቻ ናት። ከድሬ ወጣ ካለችው ከዋሂል የመጣች፣ ስሟን ያልተናገረች። ስትገዛ «ለሴት ልጄ ነው» ብላለች። አዲስ ስትሪፕ ሲመጣ እንድትደውልላት ቁጥሯን ለዴቃ ሰጥታ ነበር፤ ስልኩ ውስጥ ‹ዋሂል› ተብሎ ተመዝግቧል። ስንደውል ዝግ ነው ይላል። በነጋታውም ዝግ ነው። እኔ ቁጭ ብዬ መጠበቅ አልችልበትም፤ ሚኒባስ ይዤ ዋሂል ወረድኩ። ከሱቅ ሱቅ ጠየቅኩ። «ስኳር ያለባት ልጅ? እኛ ጋ የለችም» አለችኝ አንዷ ባለሱቅ፣ ጥያቄዬን ሳልጨርስ። የዴቃን ስልክ ቁጥር ለእሷም፣ ለጤና ጣቢያው ሰዎችም፣ ለመናኸሪያው ልጆችም ትቼ ተመለስኩ። ባለሱቋ አውቃ ትደብቀኝ ወይ በእውነት አታውቅ፣ ልጅቷ አጠገቧ ትሁን ሌላ ቦታ፣ አላውቅም።

ማታውን መልእክቱን ራሷ ኢስታር ጻፈችው። በኦሮምኛም፣ በሶማልኛም፣ በአማርኛም ጻፈችው፤ ሴትዮዋ ስልኳን የምታስነብበው ሰው በየትኛው እንደሚያነብ ስለማናውቅ። ዴቃ ከትከሻዋ ላይ ሆና ቃል በቃል አየች፤ አንድም አላስወጣችም። ከዴቃ ስልክ ተላከ።

«አሰላሙ ዐለይኩም እናቴ። ከድሬ የገዛሽው የስኳር መለኪያ በሌላ ልክ ነው የሚቆጥረው። ከአራት በታች ካለ ጣፋጭ ስጪያት። ከአሥር በላይ ካለ ግን ብዙ ነው፤ ጣፋጭ እንዳትሰጪያት። ቁጥሩ በዝቶ ካስመለሳት ወይም በረጅሙ ከተነፈሰች፣ ሳታሳድሪ ሆስፒታል ውሰጃት። መርፌ ካዘዙላት አትፍሪ። እኔ ሃያ አራት ነበርኩ። ስሜ ኢስታር ነው፤ እቤት ነኝ፤ በማንኛውም ሰዓት ደውዪልኝ።»

በማግስቱ ስልኩ መልእክቱ መድረሱን አሳየን፤ የሴትዮዋ ስልክ ለአፍታ ተከፍቶ ነበር ማለት ነው። ወዲያው ደወልን፤ እንደገና ዝግ ነበር። ከዋሂል መልስ አልመጣም።